በሰቃ የማደጎ ልጅና የአሳዳጊው መደጎሚያ

ወላጆቹን ያጣን ሕፃን ማን ያሳድገዋል ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የአሳዳጊው ወጪ ከየት ይሸፈናል የሚለው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን የሚመለከተው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡና አገር በሰቃ ጨቆርሳ ነው።

በዚህ አገር ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው የኦሮሞ ጉዲፈቻ ነው። ሕፃኑ በሽማግሌ ፊት ተወስዶ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፤ እንደ አብራክ ልጅም ይወርሳል። አሳዳጊው ከማንም ክፍያ አይጠብቅም፤ ልጅ ማግኘቱ ራሱ ዋጋው ነውና። ሁለተኛው የጅማ ነገሥታት ከቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1822 ዓ.ም. ገደማ) ጀምሮ የተቀበሉት የእስልምና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የቲሙ የአባቱን ስም አይለውጥም፤ ንብረቱም የራሱ እንደሆነ ይቆያል። ቁርኣን ባለጸጋ የሆነ ሞግዚት ከየቲሙ ገንዘብ እንዲታቀብ፣ ድኻ የሆነ ግን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል። እንግዲህ ቡና ባለበት አገር ይህን ስናስበው፣ ድኻው ሞግዚት ከፍሬው ይካፈላል እንጂ ዛፉን አይሸጥም ማለት ነው።

መንግሥትም ይህን አላፈረሰም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በሙስሊሞች መካከል የሞግዚትነትንና የቀለብን ክርክር እንዲያዩ ፈቀደ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉዲፈቻን በጽሑፍ ደነገገ።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሥርዓት አሳዳጊን የሚደጉመው ሟቹ ሀብት ትቶ ሲሞት ብቻ ነበር። ከ1925 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ የጅማ መንግሥት በማዕከላዊው አስተዳደር ሥር ከገባ በኋላ፣ ብዙ መሬት በባለርስቶች እጅ ስለ ወደቀ የጭሰኛ ልጅ የሚተርፈው የቡና ዛፍ አልነበረውም። ስለዚህ የጭሰኛን የቲም የወሰደ ድኻ ጎረቤት የሚካፈለው ፍሬ አጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የመንግሥት ሲሆን፣ ባለይዞታው ሲሞት ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ በመሬቱ የመጠቀም መብት አገኙ። ይህም የሙት ልጅን ድርሻ በከፊል መለሰ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ በአሳዳጊ ቤተሰብ የሚሰጠውን ጊዜያዊ እንክብካቤ አካተተ፤ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲቀር ሸክሙ ይበልጡን ወደ አገር ውስጥ ቤተሰብ ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ቀጥታ ድጋፍ ቢሰጥም፣ ተጠቃሚዎቹን የመረጠው በምግብ እጥረት እንጂ በማሳደግ ድካም አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የአሳዳጊ ድጎማ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። ባለጸጋው በነጻ ያሳድግ፣ ድኻው ይደገፍ የሚለው ደንብ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጎደለው ምንጩ ነው፤ ሟቹ ምንም ባልተወ ጊዜ የቡናውን ፍሬ ቦታ የሚተካ የሕዝብ ገንዘብ ያስፈልጋል።