የሰይጣን ቤት፣ የኮለምበስ ሳንሱሮችና የማይታየው ፍርሃት

ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ለመጀመሪያው ማሳያ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» እንደነበር ብዙዎቻችን ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሥጋ የሌለው ጥላ ሲራመድና ሲስቅ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው? ይህን ስም ያወጣው ሰው በፊልሙ ውስጥ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ፣ ስንት ሰው እንደተሳሳመ አልቆጠረም። ያስፈራው የነገሩ ምንነት ነበር። በኋለኛው ዘመን ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ተስቆበታል። እኔ ግን ከዛሬዎቹ የፊልም ደረጃ አውጪዎች ይልቅ ነገሩ የገባው እሱ ይመስለኛል። ምክንያቴን ለማስረዳት አንባቢን ወደ ኦሃዮ ዋና ከተማ፣ ወደ ኮለምበስ፣ ልውሰድ። (ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮለምበስ ዛሬ ለብዙዎቻችን ዘመድ ያለባት፣ እንጀራ የማይጠፋባት፣ ኑሮዋም ከዋሽንግተን ረከስ የሚል ከተማ ናት። በአሜሪካ የሐሳብ ነጻነት ታሪክ ውስጥ ግን ሌላ ስም አላት። በ1913 የኦሃዮ ሕግ አውጪዎች በክፍለ ሀገሩ የሚታይ ማንኛውም ፊልም አስቀድሞ በመንግሥት መርማሪዎች ፊት እንዲቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቁ። የመርማሪዎቹ ቦርድ የተዋቀረው፣ ነገሩ ያስቃል፣ በኢንዱስትሪ ኮሚሽኑ ሥር ነበር። ሲኒማ እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ምርት ተቆጠረ ማለት ነው። ለአንድ ጥቅል ፊልም አንድ ዶላር ይከፈላል። መርማሪዎቹ ይመለከታሉ። ሥነ ምግባርን የሚያንጽ፣ የሚያስተምር ወይም ያለ ጉዳት የሚያዝናና ከሆነ ያልፋል። ያለ ማኅተማቸው ያሳየ ሰው ወንጀለኛ ነው። «ያለ ጉዳት» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የመቶ ዓመቱ ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሙቹዋል የተባለው የፊልም አከፋፋይ ኩባንያ ሕጉን በመቃወም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በየካቲት ወር 1915 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆሴፍ መኬና የሰጡት ምክንያት፣ ፊልም እንደ ሰርከስ ያለ ንግድ ስለሆነ እንደ ጋዜጣ የሐሳብ መግለጫ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም የሚል ነበር። አስከትለውም ፊልም ለክፋት የሚውል ኃይል እንዳለውና ማራኪነቱ ይህንን ኃይል እንደሚያብሰው አተቱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐሳብ እንኳ የለውም ያሉትን ነገር ነፍስ ያበላሻል ብለው ፈሩት። የእኛ ሰው «የሰይጣን ቤት» ሲል ቢያንስ አልተቃረነም!

በዚያው የካቲት፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የዴቪድ ግሪፊዝ «የአንድ ሕዝብ ልደት» ሎስ አንጀለስ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። ኩ ክሉክስ ክላንን እንደ አዳኝ፣ ጥቁሩን እንደ አውሬ አድርጎ ያቀረበው ይህ ፊልም በብዙ ከተሞች ሲጨበጨብለት ኦሃዮ አገደችው። ለእግዱ የታገሉት የክፍለ ሀገሩ ጥቁሮች ነበሩ። ሳንሱርን በመርህ ለምንቃወም ሰዎች ይህ ጉሮሮ ላይ የሚቀር አጥንት ነው። እኔም ሳንሱርን እቃወማለሁ፤ ዳሩ ግን በ1915 ኮለምበስ ውስጥ ጥቁር አባወራ ብሆን ኖሮ ያንን ቦርድ አላመሰግንም ነበር ብዬ አልምልም።

ሆኖም ያው ማኅተም ሲከርም ሌላውንም መምታቱ አልቀረም። በ1951 ጆሴፍ ሎዚ፣ ፍሪትዝ ላንግ በ1931 የሠራውን «ኤም» የተባለ ፊልም አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሠራው። ታሪኩ ሕጻናትን ስለሚገድል ሰው ነው። በላንግ ፊልም ውስጥ ግን የሕጻኗ መገደል አይታይም። የምትንከባለል ኳስና ሽቦ ላይ የተጠመደ ፊኛ ብቻ እናያለን፤ ሌላውን የሚጨርሰው የተመልካቹ ልብ ነው። የኦሃዮ መርማሪዎች (ሥልጣኑ በዚያን ጊዜ ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተዛውሯል) የሎዚን «ኤም» አእምሯቸው ያልጸና ሰዎችን ወደ ወንጀል ይገፋል ብለው ከለከሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1952 ፊልም የሐሳብ መግለጫ መሆኑን አምኖ የ1915ቱን ፍርድ ሽሮት ስለነበር፣ በጥር 1954 የ«ኤም»ን እግድ አነሳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ የሳንሱር ሕጉን ጣለው። አርባ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

የመንግሥት ማኅተም ሲነሳ በቦታው የመጣው የነጋዴ ማኅተም ነው። የሆሊዉድ ኩባንያዎች ማኅበር በ1968 ዛሬ የምናውቀውን የዕድሜ ደረጃ ጀመረ፤ በ1984 «ፒጂ-13» ተጨመረበት። ሕግ አይደለም፤ በስምምነት የሚሠራ ነው። ከፖሊስ ይልቅ ገበያው ያስከብረዋል። መለኪያው የሚቆጠር ነገር ነው፤ ደም፣ እርቃን፣ ስድብ። አንዲት የታወቀች የእንግሊዝኛ ስድብ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተደገመች ፊልሙ ብዙውን ጊዜ «አር» ይባላል፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅም ያለ አሳዳጊ አይገባም።

ታዲያ የማይቆጠረው ፍርሃትስ? እዚህ ላይ ነው ላቭክራፍት የሚመጣው። ከ1890 እስከ 1937 የኖረው ይህ የሮድ አይላንድ ጸሐፊ «ኮስሚክ ሆረር» የሚባለው የአስፈሪ ድርሰት ዘርፍ አባት ነው። የእኛ ፍርሃት አድራሻ አለው። ቡዳው ይታወቃል፣ ዛሩ ስም አለው፣ ይለፈልፋል፣ ይደራደራል፣ ጸበል ሲነካው ይጮሃል። የላቭክራፍት ፍርሃት አድራሻ የለውም። ሰማዩ አይጠላንም፤ አያውቀንም። በ1927 ባሳተመው አንድ ታሪኩ ከሰማይ የወረደው መዓት ማንም አይቶት የማያውቅ ቀለም ብቻ ነው። ይህን ካሜራ እንዴት ያነሳዋል? ሰባቱ የቀስተ ደመና ቀለማት በሙሉ የታወቁ ናቸው።

ብዙዎቹ ፊልም ሠሪዎች የማይታየውን በሚታይ ለወጡት። ስቱዋርት ጎርደን በ1985 የሠራው «ሪ አኒሜተር» በደም የተጥለቀለቀ ስለነበር ደረጃ ሳይሰጠው ወጣ። ደህና ፊልም ነው፤ ያስቃልም። ላቭክራፍት ግን ሌላ ቦታ ቀርቷል። በአንጻሩ ጊየርሞ ዴል ቶሮ በደቡብ ዋልታ በረዶ ሥር ከሰው በፊት የነበሩ ፍጡራን ስላነጿት ከተማ የሚተርከውን «የእብደት ተራሮች» (1936) ለመሥራት ዓመታት ደከመ። ጄምስ ካሜሮን አዘጋጅ ሊሆን፣ ቶም ክሩዝ ሊተውንበት ነበር። በመጋቢት 2011 ዩኒቨርሳል ኩባንያ ተወው። 150 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፊልም «አር» ከተባለ ወጪውን አይመልስም የሚል ስሌት ነበር፤ ዴል ቶሮም በ«ፒጂ-13» ለመታሰር ቃል አልገባም። በረዶና ባዕድ ፍጡር ላይ የተሠራው የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በ1982 ገበያ እንዳልቀናው ኩባንያዎቹ አልረሱም።

ይህንን ሳስብ የእኛው ቤት ይመጣብኛል። በንጉሡም በደርጉም ዘመን ሳንሱሩ ፊት ነበረው፤ ቢሮው ይታወቃል፣ መቀሱ ይታያል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ በ1976 ዓ.ም. ሲሰወር ማንን መጠየቅ እንዳለብን እናውቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፤ አፈጻጸሙን አንባቢ ያውቀዋል። ሳይሠራ የቀረ ፊልም ግን የታገደበት ደብዳቤ የለውም። ይግባኝ የሚባልበት ችሎትም የለም።

ደረጃ አውጪዎቹ የማይቆጥሩት ሌላም ነገር አለ። ላቭክራፍት ዘረኛ ነበር፤ በጊዜው የነበረ ሁሉ እንዲያ ነበር ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። በ1927 የታተመው የሬድ ሁክ ታሪኩ ብሩክሊን የሰፈሩ ስደተኞችን፣ ማለትም የዛሬዎቹን እኛን፣ እንደ ጭራቅ ጎሬ ይስላቸዋል። «ላቭክራፍት ካንትሪ» የተባለው የ2020 የኤችቢኦ ተከታታይ ፊልም ይህንን ገልብጦ ጥቁሮቹን ባለታሪክ፣ ዘረኛውን ሸሪፍ ጭራቅ አደረገው። ለአዋቂዎች ብቻ የሚል ምልክት ተለጠፈበት። የሬድ ሁኩን መጽሐፍ ግን የ10 ዓመት ልጅ ከኮለምበስ ቤተ መጻሕፍት ቢዋስ የሚያቆመው የለም። መቆምም የለበትም፤ አብሮት የሚያነብ ወላጅ ይኑረው እንጂ።

በ2005 ጥቂት የላቭክራፍት ወዳጆች በትንሽ ገንዘብ የ1928ቱን «የክቱሉ ጥሪ» ድምፅ አልባ፣ ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ ልክ በ1920ዎቹ እንደተሠራ አስመስለው ቀረጹት። ርዝመቱ 47 ደቂቃ ነው። ደም እምብዛም የለበትም፣ እርቃን የለበትም፣ ስድብ የለበትም። በእነዚያ ዓመታት ጥቅል በጥቅል፣ በአንድ አንድ ዶላር፣ ኮለምበስ ላሉት መርማሪዎች ቢቀርብላቸው መቀሱን የቱ ጋ ያሳርፉት ነበር?