ጎጀብ የዋጠው ቀለበት

የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ መስከረም በጠባ ሰሞን ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ የአገራችን ጋዜጦች ስለ አደይ አበባና ስለ ችቦ ብዙ ይጽፋሉ፤ በዚያው ሰሞን ስላበቃው የአንድ መንግሥት ዘመን ግን እምብዛም አያነሱም። ካፋ ውስጥ ወዳለችው ወደ ቦንጋ ከተማ የሚሄድ እንግዳም በመጀመሪያ የሚመራው ወደ ብሔራዊው የቡና ሙዚየም ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ የዓረቢካ ቡና መገኛ እስከ ዛሬ በዱር ከሚበቅልበት ከዚህ የደቡብ ምዕራብ ደን ጋር የተሳሰረ ነው፤ የካፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ግን ያን ደን ለዘመናት የገዙት ሰዎች ታሪክ ከቡናው ጥላ ሥር ተሸፍኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

ካፋ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ወግ የነበረው አገር ነው። ነገሥታቱ ከሚንጆ ጎሳ ይወጡ ነበር፤ ማዕረጋቸው ታቶ ነው። ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሯቸው፤ ያለ እነሱ ምክር ንጉሡ ብዙ ነገር አይወስኑም። በሰሜን የጎጀብ ወንዝ፣ ወንዝ በሌለበት ደግሞ ጥልቅ ቦይና አጥር አገሩን ይጠብቁት ነበር። ንጉሡ ለሕዝብ ፊታቸውን በግልጥ አያሳዩም፤ የሚቀርባቸው ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ሣር ይነክሳል። ቡናውም፣ ዝባዱም፣ ባሪያውም በጠረፉ በር በኩል ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። ባሪያውን ሳያነሱ የካፋን ሀብት ማውራት ግማሽ ታሪክ ማውራት ነው።

ጋኪ ሸሮቾ በ1882 ዓ.ም. ነገሡ። የዓድዋ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ ግን የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በሦስት አቅጣጫ መጣባቸው። ዋናው አዝማች ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ነበሩ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው ነሲቡ በሌላ በኩል ገቡ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ከጦሩ ጋር ተሰለፉ። ያ ጦር ዘመናዊ ጠመንጃ የታጠቀ ነው። ካፋ የነበረው መሣሪያ ጦር፣ ጋሻና ጥቂት አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነበር። መናገሻው አንድራቻ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ንጉሡ ግን አልተያዙም። ጫካ ለጫካ፣ መንደር ለመንደር እየተሰወሩ ለወራት ቆዩ፤ የሚያስጠጋቸው ሰው አለመጥፋቱ ሕዝቡ ከእሳቸው ጋር እንደነበር ይመሰክራል።

ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ የሆነው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚያከራክረው። የታሰሩት በብር ሰንሰለት ነው ይባላል፤ ንጉሥ በብረት አይታሰርም ተብሎ። ከዚያም ጎጀብ ወንዝ ሲደርሱ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው፣ የካፋ መንግሥት አበቃ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ቀለበትም ከወንዙ ሆድ ይቀመጥ ብለው ወረወሩት ይባላል። ይህ የአፍ ታሪክ ነው፤ ወደ መጻሕፍትም የገባው ከአፍ ተለቅሞ ነው። የሚጠራጠሩ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። አንድ ምርኮኛ ንጉሥ በዘበኛ ተከቦ ሲሄድ የወርቅ ቀለበት በጣቱ ላይ ማን ይተውለታል? ደግሞስ ነገሩ ለተረት የተመቸ አይደለምን?

መልሱን ከዘውዱ ታሪክ እናገኘዋለን። የካፋ ዘውድ በብርና በወርቅ የተሠራ፣ ከፊት ለፊቱ ሦስት አናት ያለው ጌጥ የቆመበት ነበር። የካፋ ሰው ዘውዱን እንደ ጌጥ አያየውም፤ መንግሥቱ የሚኖረው ዘውዱ ባለበት ነው ብሎ ያምን ነበር። ምኒልክም ይህን እምነት አልናቁትም። ዘውዱን ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ከአገር ወጥቶም ስዊዘርላንድ ገባ። የተመለሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ ነው። ድል ያደረገ ንጉሠ ነገሥት የተሸናፊውን ዘውድ ባሕር ማዶ የሚያሻግረው ለጌጡ ተጨንቆ አይደለም። አሸናፊው ዘውዱን እንዲህ ከፈራው፣ ተሸናፊው ቀለበቱን ለማንም አልሰጥም ቢል ምን ይገርማል? ምርኮኛውን በብር ሰንሰለት እስከማሰር ድረስ ክብሩን የጠበቀ ዘበኛ ቀለበቱን ከጣቱ ባይነጥቅም ያስኬዳል። ስለዚህ እኔ የጎጀቡን ነገር እንደ ተረት አልጥለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭርና የሚያም ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. በጋ፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በካፋ ያለፈው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጠፍ የሆነ አገርና በየሣሩ መካከል የነጣ የሰው አጥንት እንዳየ ጽፏል። የቪየናው ሰው ፍሪድሪሽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ካፋ ደርሶ ከሽማግሌዎች የሰማውን በሁለት ቅጽ አሳተመ፤ ዛሬ ስለ ቀድሞው ካፋ የምናውቀው ብዙው ነገር የመጣው ከእሱ መጽሐፍ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ንጉሥ ተብለው በ1910 ዓ.ም. ሞቱ። ጋኪ ሸሮቾ እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ከግዞት ሳይወጡ አረፉ። ወደ ካፋ አልተመለሱም።

ቦንጋ ዛሬ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ የራሷ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከአባት ከአያታቸው የሰሙትን የሚያወሩ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። ቢበር ከቪየና ድረስ መጥቶ ያደረገውን፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በደጃቸው ሊያደርጉት ይችላሉ፦ የቀለበቱን ታሪክ ከየወረዳው፣ በራሱ በካፊኛ፣ ከነልዩነቱ በድምፅ ይቅረጹት፤ የቡና ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰውም እንዲያዳምጠው ያድርጉ። ከጅማ ወደ ቦንጋ የምትጓዙ አንባቢዎችም የጎጀብን ድልድይ ስትሻገሩ ቆም ብላችሁ የአካባቢውን ሽማግሌ ስለ ጋኪ ሸሮቾ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።