ሰበብ ያለው ብርሃን፦ የፊልም ጨረቃ ወደ ቤት እንዴት ትገባለች?

በፊልም ሥራ «ሞቲቬትድ ላይቲንግ» የሚባል ሐሳብ አለ። በትዕይንቱ ውስጥ ካለ ምንጭ፣ ከፀሐይ፣ ከኩራዝ፣ ከምድጃ ወይም ከጨረቃ የመጣ የሚመስል ብርሃን ማለት ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ላይት ከካሜራው ዕይታ ውጭ ቆሟል፤ ተመልካቹ ግን ታሪኩ ውስጥ ያለውን ምንጭ ስለሚያምን «ይህ ከየት መጣ?» አይልም። በአማርኛ «ሰበብ ያለው ብርሃን» ቢባል ይስማማዋል። ሰበብ መነሻም ማመካኛም ነው፤ እዚህም ሁለቱም አሉ። ጨረቃዋ ማመካኛ ናት፣ ሥራውን የሚሠራው ላይቱ ነው።

ይህ ሐሳብ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በጨረቃ ሌሊት፣ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ሰማያዊ እናደርግና ሌሊት ሆነ እንላለን። ሰማያዊነቱ ብቻውን ግን ሌሊት አይሆንም። የጨረቃ ብርሃን ከገጿ ተንጸባርቆ የሚመጣ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ቀለሙም 4,100 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ ከቀትር ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ሰማያዊ አይደለም። ሰማያዊ የሚመስለን በዓይናችን ምክንያት ነው። የቼኩ ሊቅ ያን ፑርኪንዬ በ1819 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ዓይን ለቀይ ይታወርና ለሰማያዊ ይነቃል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) እና የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (2021 እ.ኤ.አ.) በጥቁርና ነጭ የተሠሩ ፊልሞች ናቸው፤ ሌሊትን በሰማያዊ የመንገር አማራጭ አልነበራቸውም። የቀራቸው የብርሃኑ አቅጣጫ፣ ጥላውና መጠኑ ነው። የጨረቃ ሰበብም የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

በወልቂጤ ዙሪያ ባለ የጉራጌ መንደር አንድ ትዕይንት እንቀርጻለን እንበል። ቤቱ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ወለሉ ላይ ምድጃ አለው፣ በሩም ጀፎረ ወደሚባለው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የመንደር መንገድ ይከፈታል። እንዲህ ባለው ባህላዊ ቤት መስኮት የተለመደ ስላልሆነ ጨረቃ የምትገባው በበሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ነው። ሙሉ ጨረቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ንጋት ላይ በምዕራብ ትጠልቃለች። ወልቂጤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ጨረቃዋ ወደ አናት ትጠጋለች። በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ደጁ ላይ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከጀፎረው ሣር የሚመለሰው ደካማ ብርሃን ብቻ ነው። እስከ ምሰሶው ድረስ የሚዘረጋ ብርሃን ከፈለግን ትዕይንቱን ወደ አመሻሽ ወይም ወደ ንጋት እንውሰደው፤ በሩም ለዚያ ሰዓት ጨረቃ የዞረ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ጨረቃ ሩቅ ስለሆነች በሩ ላይና ክፍሉ ውስጥ ብርሃኗ እኩል ነው፤ ጥላዋም ጠርዙ የጠራ ነው። ላይታችን ከበሩ 2 ሜትር ቢቆም፣ ከበሩ 2 ሜትር ገብታ የተቀመጠች ሴት የምታገኘው በሩ ላይ ካለው ብርሃን ሩቡን ነው። 8 ሜትር ቢርቅ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ታገኛለች። ስለዚህ ጠንካራ ላይት ደጅ ላይ፣ በረጅም ስታንድ፣ ቦታው እስከፈቀደ ርቆ ይቆማል፤ ፊቱ ላይም የሚያለሰልስ ጨርቅ አይደረግበትም።

ቀለሙ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ላይቱ 5,600 ኬልቪን ሆኖ ካሜራው 3,200 ላይ ከተስተካከለ ሰማያዊው ይበረታል፤ ወደ 4,300 ከፍ ሲል ይለዝባል። ምድጃው ላይ ፍም ካለ ለዘብ ያለው ይበቃል፤ ከብርቱካናማው አጠገብ ጨረቃዋ በራሷ ትቀዘቅዛለች። የምድጃው ጭስም ይጠቅማል፦ በበሩ የገባውን ጨረር በአየር ላይ ያሳያል፣ የራሱም ሰበብ አለው።

የፊት አበራር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሐበሻን ፊት ከፊት ለፊት በደካማ ሰማያዊ ብንመታው ይደበዝዛል፣ አመድ ይመስላል። ብርሃኑ ከጎንና ትንሽ ከኋላ ሲመጣ ግን ጉንጩና ግንባሩ ያበራሉ፣ የፊቱ ቅርጽ ይወጣል። በጥላ በኩል ነጭ ጨርቅ ትንሽ ብርሃን ቢመልስ ዓይኑ አይጠፋም። የበራው በኩል ከተለመደው መጠን አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መጠን ደረጃ) ዝቅ ቢል ሌሊት ይመስላል። ቀረጻው ላይ ግን እጅግ ማጨለም አይገባም፤ ጥላው ውስጥ የምስል ብናኝ ይበዛል፣ ኋላ በቀለም እርማትም አይድንም። የመጨረሻውን ጨለማ ለእርማቱ መተው ይሻላል።

ሰበብ ያለው ብርሃን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ላይትና አንድ ነጭ ጨርቅ ይዞ የሚነሳ ወጣት ባለሙያም ሊሠራበት ይችላል። በክልል ከተሞች ፊልም ለሚጀምሩ ወጣቶች ቃሉን የምመኝላቸው ለዚህ ነው። ዳይሬክተሩና ላይት የሚተክለው ሰው «የዚህ ብርሃን ሰበቡ ምንድን ነው?» ብለው መነጋገር ከቻሉ፣ መልስ ያላገኙለትን ላይት ማጥፋት ይችላሉ።