ሦስት ጊዜ የተገኘው የቀስተ ደመና ምሥጢር

በክረምት፣ የከሰዓት በኋላው ዝናብ ወደ አቃቂ አልፎ ፀሐይ በስተምዕራብ ብቅ ስትል፣ የነፋስ ስልክና የላፍቶ ነዋሪ በስተምሥራቅ በኩል የማርያም መቀነት ተዘርግቶ ያያል። መጻሕፍት «ቀስተ ደመና» ይሉታል፤ የኖኅ ቃል ኪዳን ምልክትም ነው። አፈጣጠሩን ለመረዳት ግን የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ደክሟል።

በ14ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በፋርስ ከማል አል ዲን አል ፋሪሲ፣ በጀርመን ደግሞ የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ውሃ የተሞላ የመስተዋት ሉልን እንደ አንዲት የዝናብ ጠብታ ቆጥረው መረመሩ። ብርሃን ወደ ጠብታዋ ሲገባ እንደሚሰበር፣ ከውስጥ ግድግዳዋ እንደሚንጸባረቅ፣ ሲወጣም ዳግመኛ እንደሚሰበር ሁለቱም ደረሱበት። ይሁን እንጂ የቴዎዶሪክ ጽሑፍ ተረስቶ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በመቆየቱ፣ ዴካርት ያንኑ ዘዴ እንደ አዲስ ይዞ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍም የቀስቱ ማዕዘን 42 ዲግሪ ገደማ የሆነበትን ምክንያት በስሌት አሳየ። ቀለማቱ የሚለያዩት እያንዳንዱ በተለያየ መጠን ስለሚሰበር መሆኑን ያስረዳው ኒውተን ነው።

ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ስትል ቀስቱ ከአድማስ በታች ይውላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ክረምት ከ10 ሰዓት ግድም በፊት፣ በቀትር፣ የማርያም መቀነትን መጠበቅ ከንቱ ነው። ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ሰው የቀስቱን መሐል በራሱ ጥላ አቅጣጫ ያገኘዋል።

ነፋስ ስልክ የሽቦ አልባውን ቴሌግራፍ ትዝታ በስሙ ጠብቆ ኖሯል። ዕውቀት ግን በስም ብቻ አይጠበቅም፤ ተጽፎ መቀመጡም አይበቃውም። ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ካልተሻገረ፣ ተከታዩ ትውልድ ያንኑ ድካም እንደገና ይደክማል።