ለሳሎኑ ኮምፒውተር የትኛው ሊኑክስ? መልሱ ከታሪኩ ይገኛል

አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረቀው ግልገል ጊቤ አንድ ጎረቤቷ ነው። ቢሆንም "መብራት ሄደ" የሚለው ቃል ለግድብ ጎረቤትም እንግዳ አይደለም። በእንዲህ ያለ ከተማ አሮጌ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ለፊልምና ለዘፈን ብቻ ሊያውለው ያሰበ ሰው፣ የትኛው ሊኑክስ እንደሚያምር ከመጠየቁ በፊት መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ የትኛው በሰላም እንደሚነሳ ይጠይቅ። የነዚህ ሶፍትዌሮች ታሪክም ወደዚሁ ጥያቄ ይመራል።

ነገሩ የጀመረው ከጨዋታ ማሽን ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን በ2001 ለገበያ አቀረበ። በዓመቱ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ቪዲዮ ማጫወቻ ሠሩለት፤ በ2004 ደግሞ "ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር" የተባለው ሶፍትዌር የመጀመሪያ እትም ወጣ። ችግሩ የሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ነበር። ባልተነካካ ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም፤ የሚዘጋጀውም በማይክሮሶፍት መሣሪያ ስለነበር ያለቀለትን ፕሮግራም ማደል በሕግ ያስጠይቅ ነበር። በ2007 ወደ ሊኑክስ የማሻገር ሥራ ተጀመረ። በ2014 ስሙ ተቀይሮ "ኮዲ" ተባለ።

በ2002 የተጀመረ ሌላ መንገድም ነበር፤ ሚዝቲቪ። የእሱ ዋና ሥራ የቴሌቪዥን ስርጭት መቅዳት ነው። ለእሱ ተብሎ ከኡቡንቱ የተዘጋጀው ሚዝቡንቱ ግን በ2016 ቆመ። ፊልሙን ከሱቅ በፍላሽ አስጭኖ ወደ ቤቱ ለሚገባ ቤተሰብ የስርጭት መቅጃ ብዙም አያስፈልገውም። የሚፈልገው በፍላሹና በሃርድ ዲስኩ ያለውን አደራጅቶ የሚያሳየውን ነው፤ ያ ደግሞ ኮዲ ነው።

ኮዲ በምን ላይ ይጫን? በ2009 የተጀመረው ኦፕንኤሌክ ኮምፒውተሩ ሲበራ በቀጥታ ወደ ማጫወቻው የሚገባ፣ ሌላ ጣጣ የሌለው ሊኑክስ አዘጋጀ። በ2016 አብዛኞቹ ሠራተኞቹ በአካሄዱ ሳይስማሙ ወጥተው ሊብሬኤሌክን መሠረቱ። ኦፕንኤሌክ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ ሊብሬኤሌክ ዛሬም አዳዲስ እትም ያወጣል።

ለአሰንዳቦ የሚበጀው አሠራሩ ነው። ዋናው ሲስተም የሚነበብ እንጂ በየጊዜው የማይጻፍበት አንድ የታመቀ ፋይል ነው። የተጠቃሚው ነገር ሁሉ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። ስለዚህ መብራት ድንገት ሲሄድ ሲስተሙ የመበላሸት ዕድሉ ትንሽ ነው። ማሻሻያውም አንድ ፋይል ስለሆነ ጅማ ኢንተርኔት ካለበት ቤት በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል። ቤት ያለው ኢንተርኔት በሞባይል ፓኬጅ ብቻ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ለሁሉም አይሆንም። ልጆች በዚያው ኮምፒውተር የቤት ሥራ የሚጽፉ ከሆነ ሊብሬኤሌክ አይጠቅማቸውም፤ ለእነሱ ሊኑክስ ሚንት ወይም ዴቢያን ጭኖ ኮዲን በላዩ ማድረግ ይሻላል። ባለ 32 ቢት የሆነ በጣም አሮጌ ኮምፒውተርም ሊብሬኤሌክን አይቀበልም። ከ2015 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ በኤች ኢ ቪ ሲ ሳይሆን በቆየው ኤች 264 የታመቀ ፊልም ቢጫንላቸው ይቀላቸዋል። ኤች ኢ ቪ ሲ የሚባለው አዲሱ አስተማመቅ ያንገዳግዳቸዋል።

ከሁሉ በላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሊብሬኤሌክ ሲጫን የተመረጠውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የሰርግ ቪዲዮና የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ዲስክ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ሌላ ይገልበጥ። ሳይጫንም ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ስለሚቻል አንድ ሳምንት ድምፁን፣ ምስሉንና የመብራቱን መሄድ መምጣት እንዴት እንደሚችለው አይቶ መወሰን ይሻላል።