ፕሮፖፎል፦ በሰከንዶች የሚያስተኛና የቅርብ ክትትል የሚሻ የሰመመን መድኃኒት

ፕሮፖፎል በደም ሥር የሚሰጥ፣ ፈጥኖ የሚያስተኛና ፈጥኖ የሚለቅ የሰመመን መድኃኒት ነው። ታካሚን ለቀዶ ሕክምና ለማስተኛት፣ ለጨጓራና ለአንጀት የኢንዶስኮፒ ምርመራ እንዲሁም በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማንን ለማረጋጋት በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚያገለግል ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት በሚያወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ተካቷል።

መድኃኒቱ የተገኘው በእንግሊዝ ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሆን፣ በግኝቱ በዋነኛነት የሚጠቀሱት ጆን ግሌን በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሰዎች ላይ የተጀመረው ሙከራ ግን ብዙም አልዘለቀም። ፕሮፖፎል በውሃ የማይሟሟ ዘይታማ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ለማሟሟት የተጨመረው ክሬሞፎር የተሰኘ ኬሚካል በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ብርቱ የአለርጂ ምልክት አስከተለ። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ሳይቆርጡ መድኃኒቱን በአኩሪ አተር ዘይት፣ ከእንቁላል አስኳል በሚገኝ ሌሲቲንና በግሊሰሮል አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1986 ዲፕሪቫን በሚል የንግድ ስም ለገበያ አቀረቡት። ፈሳሹ ወተት የሚመስለውም በዚሁ ዘይት ምክንያት ነው። ግሌን ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የላስከር ሽልማት ተቀብለዋል።

ፕሮፖፎል በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ የሚገታውን ጋባ የተባለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ሥራ ያጠናክራል። በዚህም የተነሳ ክሎራይድ ወደ ነርቭ ሴሎች በብዛት ስለሚገባ የሴሎቹ መልእክት የማስተላለፍ አቅም ይዳከማል። ለጤናማ ጎልማሳ ለማስተኛት የሚሰጠው መጠን በአብዛኛው በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ታካሚው በ40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ሌላ መጠን ካልተጨመረለትም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይነቃል።

ታካሚው በዚህ ፍጥነት የሚነቃው መድኃኒቱ ከሰውነቱ ስለተወገደ አይደለም። ፕሮፖፎል በስብ የሚሟሟ በመሆኑ በቅድሚያ ብዙ ደም ወደሚደርሰው አንጎል ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ይሰራጫል። በአንጎል ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስ እንቅልፉ ያበቃል፤ ጉበት መድኃኒቱን አጣርቶ የማስወገድ ሥራው ግን ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። የነቃ ታካሚ በዚያው ዕለት መኪና እንዳያሽከረክር የሚመከረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

መድኃኒቱ ሕመም አያስታግስም፤ በመሆኑም ለቀዶ ሕክምና ሌላ የሕመም ማስታገሻ አብሮት ይሰጣል። ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ነገር የደም ግፊትን ዝቅ ማድረጉና ትንፋሽን ማዳከሙ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ማቆሙ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል የቆየው ኬታሚን ትንፋሽንና የደም ግፊትን በአመዛኙ የማይጎዳ ሲሆን፣ ፕሮፖፎል በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው። ውጤቱን የሚሽር ማርከሻ የለውም። ኦክስጂን፣ የመተንፈሻ ቱቦና የሠለጠነ ባለሙያ በሌሉበት ሊሰጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። በአረጋውያን ላይም መጠኑ መቀነስ ይኖርበታል።

ይህ ማሳሰቢያ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት ዓለም ያወቀው በሙዚቃ አቀንቃኙ ማይክል ጃክሰን ሞት ነው። አርቲስቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 2009 በሎስ አንጀለስ መኖሪያ ቤቱ ሕይወቱ ያለፈው እንቅልፍ እንዲወስደው በተሰጠው ፕሮፖፎል ሲሆን፣ የግል ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ያለ ማሰብ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብሏል። ደቡብ ኮሪያም በዚያው ዓመት መድኃኒቱን ልዩ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአእምሮ ላይ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብታለች።

ዘይታማ ይዘቱ ለባክቴሪያ መራባት የተመቸ በመሆኑ አያያዙም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በተወሰኑ ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የታየው ኢንፌክሽን ባለሙያዎች መድኃኒቱን ሲቀዱ ንጽሕና ካለመጠበቃቸው ጋር ተያይዟል። አንዱ ብልቃጥ ለአንድ ታካሚ ብቻ ይውላል፤ ወደ መርፌ የተቀዳ ፕሮፖፎልም ለነገ ተብሎ አይቀመጥም።