ከፍ ብሎ መዝለል በስልጠና ይመጣል? ከሞስኮ የተነሣ ታሪክ

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ሦስት ሰከንድ ቆዩና ወደ ላይ ዝለሉ። ቀጥሎ ደግሞ ሳትቆዩ፣ ዝቅ ብላችሁ ወዲያው ዝለሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይበልጣል። እግራችሁ ያው ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ዝቅ ስትሉ ጅማት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ጡንቻም ሽቅብ መግፋት ከመጀመሩ በፊት ኃይሉን ቀድሞ ይገነባል።

ይህንን ወደ ስልጠና ከቀየሩት ሰዎች ዋነኛው የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ቬርኮሻንስኪ ነው። የሥሉስ ዝላይ ስፖርተኞችን ያሠለጥን ነበር። በሥሉስ ዝላይ እግር መሬት የሚነካው ለቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና ይሸከማል። ብረት ተሸክሞ ቀስ እያሉ ቁጭ ብድግ ማለት ይህን አይመስልም። ስለዚህ በ1960ዎቹ ስፖርተኞቹን ከሳጥን ላይ አወረዳቸውና መሬት እንደነኩ ወዲያው እንዲዘሉ አደረገ። ስሙንም “የምት ዘዴ” አለው።

እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ የሶቪየቱ ቫለሪ ቦርዞቭ 100 እና 200 ሜትርን አሸነፈ። የምዕራቡ ዓለም አሠልጣኞች “እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?” ማለት ጀመሩ። በ1975 አሜሪካዊው ፍሬድ ዊልት ለእንዲህ ዓይነቱ ልምምድ “ፕላዮሜትሪክስ” የሚል ስም አወጣለት።

ግን ቆይ፣ ሜዳሊያ ማስረጃ ነው እንዴ? አይደለም። አንድ ሯጭ ብዙ ነገር በአንዴ ይሠራል፤ የትኛው እንደጠቀመው ከሜዳሊያው አይታወቅም። የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ማወዳደር ያስፈልጋል። በ2007 የ26 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲታይ፣ ጭማሪው እንደ ዝላዩ ዓይነት ከ4.7 እስከ 8.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። 40 ሴንቲሜትር ለሚዘል ሰው ይህ ከ2 እስከ 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

እኔም ራሴን በስልክ ቪዲዮ ለክቼ ነበር። አየር ላይ የቆያችሁበትን ሰከንድ በራሱ አባዙት፣ በ9.81 አባዙት፣ ለ8 አካፍሉት፤ ከፍታው በሜትር ይወጣል። 0.54 ሰከንድ 36 ሴንቲሜትር ይሰጣል። ከሳምንታት ልምምድ በኋላ 0.58 አገኘሁ፤ 41 ሴንቲሜትር! በደስታ ልፈነዳ ነበር። ቪዲዮውን ደግሜ ሳየው ግን ሳርፍ ጉልበቴን አጥፌአለሁ። እግሬ መሬት የነካው ዘግይቶ ነው እንጂ ከፍ ብዬ አልዘለልኩም። የመለኪያዬ ስህተት ስልጠናው ይሰጣል ከሚባለው ጭማሪ በላይ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

እናንተም ስትሞክሩ እግራችሁን ዘርግታችሁ እረፉ፤ ደጋግማችሁም ለኩ። ሳጥኑን በተመለከተ ደግሞ ቬርኮሻንስኪ ከ75 ሴንቲሜትር በላይ የተጠቀመው በደንብ ለጠነከሩ ስፖርተኞች ነው። ለጀማሪ ጉልበት ዝቅ ያለ ደረጃ ይበቃል።